ጋፋት ላይ መምህሩም ተማሪ ነበር

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። በ1860ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሰፈሯቸውን አውሮፓውያን መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ካለው ክሪስኮና ከሚባል የሚሲዮን ማሠልጠኛ የመጡ ነበሩ። የእጅ ሙያ አላቸው፤ ባሕር አቋርጠው የመጡት ግን ወንጌል ሊያስተምሩ ነው። መድፍ ማፍሰስ አናውቅም አሉ። ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ተሞከረ፣ ከሸፈ። እንደገና ተሞከረ። ከብዙ ልፋት በኋላ ነሐሱ ቀልጦ ቅርጽ ያዘ። መጨረሻ ላይ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። መንገድ እየተጠረገለት በሠረገላ ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ይህን ታሪክ ስናነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ንጉሡ እልህ ወይም ስለ መድፉ ክብደት ነው። እኔን የሚገርመኝ የመምህራኑ ነገር ነው። ጋፋት ላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙያ ይማሩ ነበር። የሚያስተምሯቸው ሰዎች ግን መድፉን በተመለከተ እነሱም ገና እየተማሩ ነበር። ደብተር ይዞ የሚያነበንብ መምህር አልነበረም። መምህሩ ሲሳሳት ተማሪው ቆሞ ያያል፤ መምህሩ ስህተቱን ሲያርም ተማሪው እዚያው ነው።

ይህን ለምን አነሳሁት? ሰሞኑን ተደጋግሞ የምንሰማው አንድ ዓይነት ዜና አለ። የምህንድስና መምህራን ፈጠራንና ኢንተርፕረነርሺፕን ማስተማር እንዲችሉ ሥልጠና ተሰጣቸው ይላል። ከጀርባ ባነር፣ ከፊት የክብር እንግዳ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬትና የቡድን ፎቶ። እኔ ሥልጠናውን አልቃወምም። ጥያቄዬ ግን እዚህ ድረስ እንዴት መጣን የሚል ነው። የምህንድስና ትምህርታችንን ታሪክ ወደኋላ ብንሄድበት ሕንፃው፣ የተማሪው ቁጥርና የኮርሱ ስም ደጋግመው ሲቀየሩ እናያለን። መምህሩ የሚኖረው ኑሮና የሚያየው ዓለም ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው።

የቀጥቃጭ ልጅና የቢሮ ልጅ

ከጋፋት በኋላ የመጣው ዘመን ሙያን አላከበረም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ ስድብ ነበረበት። ነገሩ ከመክበዱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የተለመደ ስለነበረ ነው።

በዚያው በ1908 የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትኩረቱ በአብዛኛው የውጭ ቋንቋ ነበር፤ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ነበርና። ይህ ጥፋት አይደለም፣ የጊዜው ፍላጎት ነው። ግን አንድ ነገር በአእምሯችን ተተከለ፦ የተማረ ሰው ቢሮ ይገባል፣ ያልተማረ ሰው በእጁ ይሠራል። ይህን ክፍፍል የወረሰው ተማሪ ብቻ አይደለም። መምህሩም ወርሶታል።

ዘመናዊው የምህንድስና ትምህርት የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ፣ ቀጥሎ የምህንድስና ኮሌጁ መጣ፣ በ1954 ደግሞ ብዙዎቻችን ሕንፃ ኮሌጅ እያልን የምናውቀው የኢትዮ-ስዊድን ተቋም ተቋቋመ። ባሕር ዳር ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ በ1963 ሥራ ጀመረ። የተማረው ኢንጂነር መንገድ ሥራ፣ መብራት ኃይል፣ አየር መንገድ ይጠብቀው ነበር። ሥራ መፍጠር የሚባል ጥያቄ አልነበረም፤ ሥራው ሰው ይጠብቅ ነበር። መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ፣ የመማሪያ መጽሐፉም የውጭ ነው።

ከዚያ ዘመን ግን ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። አንዱ ሕንፃ ኮሌጅ ነው። ማስተማሩን ከግንባታ ዕቃዎች ምርመራና ከጥናት ጋር አያይዞ ይሠራ ነበር። መምህሩ የሚያስተምረው ስለ ሲሚንቶ ከሆነ ሲሚንቶው በአጠገቡ ነበር።

ሁለተኛው ምህንድስና አይደለም፣ እርሻ ነው። በአሜሪካው ኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ ከመጀመሪያው ሦስት ሥራ ነበረው፦ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ይዞ ወደ ገበሬው መውረድ። በዚህ አሠራር ኮሌጁ ከገበሬው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የሚያስተምረው ነገር ማሳ ላይ ሲወድቅ የሚያየው ራሱ ነው። በ1963 ግን ወደ ገበሬው የመውረዱ ሥራ ከኮሌጁ ተወስዶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። በወረቀት ሲታይ ምክንያታዊ ነው፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየድርሻውን ይያዝ ነው። ውጤቱ ግን ኮሌጁን ከሕዝቡ ጋር ያገናኘው የነበረው ድልድይ በሌላ እጅ መግባቱ ነው። ከዚያ በኋላ «ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪን እናስተሳስር» እያልን በየአሥር ዓመቱ ስብሰባ የምንቀመጥበት ጉዳይ ሥሩ እንዲህ ዓይነት ውሳኔዎች ውስጥ ነው።

ግማሽ ሚሊዮን ብር

ደርግ መጣ። በ1975 ትላልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። የግል ነጋዴ በኢንዱስትሪ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ ፈቃዱም ለአንድ ሰው አንድ ብቻ። በዚህ አገር ላይ ለኢንጂነር ስለ ኢንተርፕረነርሺፕ አስተምር ብትሉት ምን ብሎ ያስተምራል? ተመራቂውን መንግሥት ይመድባል፣ ፋብሪካው የመንግሥት ነው፣ ማደግ ራሱ በሕግ ጣሪያ አለው። ነጋዴ የሚለው ቃል ከአድሃሪ ጋር ተዳብሎ የሚነገርበት ጊዜ ነበር።

ይህን ዘመን በቀላሉ ማለፍ የለብንም። ምክንያቱም ዛሬ አንጋፋ የምንላቸው ብዙ መምህራን የተማሩት ያኔ ነው። ከእነሱ የተማሩት ደግሞ ዛሬ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ናቸው። ሕጉ ተሽሯል። መምህር ከመምህር የሚወርሰው ልማድ ግን በነጋሪት ጋዜጣ አይሻርም።

ሰባ ሠላሳ

ከዚያ የሁላችንም ትዝታ የሆነው መስፋፋት መጣ። በደርግ መጨረሻ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በ2008 ደግሞ ሰባ ሠላሳ ታወጀ፦ ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ። እኔ ሠላሳው ውስጥ ነበርኩ። ዶርም የሚጋሩኝ ልጆች ግን ከሰባው ነበሩ።

በዚሁ ጊዜ ከጀርመን ጋር የተሠራው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ነበር። በ2005 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ሥርዓተ ትምህርቱን ከኢንዱስትሪው ጋር ለማገናኘት ሞክሯል። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች ተቋቋሙ፣ ጀርመኖች በኃላፊነት መጡ፣ የምህንድስና ተማሪም አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኢንተርንሺፕ እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ፋብሪካ ያዩት በዚያ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ተማሪው አንድ ሴሚስተር ወጣ። መምህሩስ?

ተማሪው በሺህ ሲጨምር መምህር ከየት ይምጣ? መልሱ ከተመራቂዎቹ ነበር። በሰኔ የተመረቀ ልጅ ጥሩ ውጤት ካለው በመስከረም ግራጁዌት አሲስታንት ሆኖ ክፍል ይገባል። ትናንት አብሮት ካፌ የተሰለፈውን ጁኒየር ዛሬ ያስተምራል። ከዚያ ለማስተርስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ለዶክትሬት ይሄዳል፣ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ደሞዝ ከፍሎ ሠራተኛ የቀጠረበት፣ ዕቃ ሠርቶ የሸጠበት፣ ወይም ደንበኛ የተቆጣው አንድ ቀን የለም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መንገዱን እንዲህ አድርገን የጠረግነው እኛ ነን።

ስለ ማስተማር ዘዴ አልታሰበም ማለት አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው ሃይየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ መምህራን ኤችዲፒ የሚሉት፣ አንድ ዓመት ገደማ የሚወስድ ሥልጠና ነው። ተማሪን ማሳተፍ፣ መመዘን፣ በራስ ሥራ ላይ ማሰላሰልን ያስተምራል። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እንዴት ማስተማር እንዳለብህ ማወቅና የምታስተምረውን ነገር በሕይወትህ ማየት የተለያዩ ናቸው።

የዶሮ እርባታው ቢዝነስ ፕላን

የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ተቋቋመ። ያመጣው ሥልጠና ኤምፕሬቴክ ይባላል። በ1988 አርጀንቲና ላይ የተጀመረ፣ ስድስት ቀን የሚፈጅ፣ አሥር የሥራ ፈጣሪ ባሕርያትን የሚያስተምር ሥልጠና ነው። በየዩኒቨርሲቲውም ማዕከላት ተከፈቱ። በ2019 የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ኢንተርፕረነርሺፕ ከእነሱ አንዱ ሆነ። የሚያስተምረው ደግሞ በአብዛኛው የማኔጅመንት ክፍል ነው። ስለዚህ የወደፊቱ ኢንጂነር ስለ ሥራ ፈጠራ የሚሰማው ማሽን ከማያውቅ መምህር፣ ስለ ማሽን የሚሰማው ገበያ ከማያውቅ መምህር ነው።

ዶርም የምንጋራው አንድ ልጅ መካኒካል ምህንድስና ይማር ነበር። ለኢንተርፕረነርሺፕ ኮርስ ቢዝነስ ፕላን በቡድን አቅርቡ ተባሉ። ያቀረቡት የዶሮ እርባታ ነው። ከሲኒየሮች የወረሱት፣ ሲኒየሮቹም ከሲኒየሮቻቸው የወረሱት ነበር። ስም ብቻ ቀየሩ። የእንቁላሉ ዋጋ እንኳ ገበያው ከተወው ዓመታት ያለፈው ነበር። ሙሉ ማርክ አገኙ። እኔም በበኩሌ ተመሳሳይ ኮርስ ላይ የሥራ ፈጣሪ ባሕርያትን ዘርዝር የሚለውን ጥያቄ አንድ ሳልስት መልሼ ኤ አምጥቻለሁ። በሕይወቴ አንድ ክብሪት ሸጬ አላውቅም።

ያኔ መምህሩ ላይ ስቀናል። አሁን ሳስበው ግን መምህሩ ምን ማድረግ ነበረበት? ክፍሉ ውስጥ ከመቶ በላይ ተማሪ አለ። ሂዱና አሥር ሰው ጠይቃችሁ ኑ ቢል፣ እሱ ራሱ ጠይቆ አያውቅም።

ቴርማን ተማሪዎቹን የት ወሰዳቸው?

ስለ ሲሊከን ቫሊ ሲወራ ስሙ የሚነሳ አንድ የምህንድስና መምህር አለ፤ የስታንፎርዱ ፍሬድሪክ ቴርማን። በ1930ዎቹ የሬዲዮ ምህንድስና ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹን ይዞ በአካባቢው ያሉ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፖችን ያስጎበኝ ነበር። ማን ምን እንደሚሠራ ያውቃል፣ ባለቤቶቹን ያውቃቸዋል። ተማሪው ዴቪድ ፓካርድ ተመርቆ ሩቅ አገር ተቀጥሮ ሲሄድ፣ ቴርማን የትምህርት ድጎማ ፈልጎ መለሰው። ፓካርድና ዊሊያም ሂውሌት በ1939 በ538 ዶላር ጋራዥ ውስጥ ኩባንያቸውን መሠረቱ። ቴርማን የኢንተርፕረነርሺፕ ኮርስ አላስተማረም። የሚያስተምረው ምህንድስና ነበር። ልዩነቱ ከግቢው ውጭ ያለውን ዓለም ማወቁ ነው።

እነሱም ቢሆኑ ሁሉም መምህር ቴርማን እንዳልሆነ ገባቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በ2011 አይ-ኮር የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ተመራማሪው ፕሮፌሰር፣ ተማሪውና አንድ የንግድ ልምድ ያለው አማካሪ በቡድን ይገባሉ። በሰባት ሳምንት ውስጥ 100 ያህል ሰው ሄደው ማነጋገር አለባቸው፤ ምርታችን ለማን ይጠቅማል፣ ማን ይገዛዋል ብለው። ሥልጠናው ስላይድ ላይ አይደለም፣ ሰው ደጅ ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የደከመበት ቴክኖሎጂ ማንም እንደማይፈልገው ከደንበኛ አፍ የሰማ ፕሮፌሰር፣ ተመልሶ ክፍል ሲገባ የሚያስተምረው ሌላ ነው።

ከኤምፕሬቴክ ሥር ያለው ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድም የሚነግረን አንድ ነገር አለ። በ1960ዎቹ ሕንድ ውስጥ ካኪናዳ በምትባል ከተማ አነስተኛ ነጋዴዎችን አሠልጥኖ ነበር። ሥልጠናው ለውጥ አመጣ። ለውጡ ጎልቶ የታየው ግን በራሳቸው ድርጅት ላይ የመወሰን ሥልጣን የነበራቸው ሠልጣኞች ላይ ነው። አለቃ ከላይ ያለው ሰው ቢነቃቃም የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። የእኛን መምህር እዚህ ላይ አስቡት። ስድስት ቀን ሠልጥኖ፣ ተነቃቅቶ፣ አበሉን ተቀብሎ ይመለሳል። ኮርሱ ከላይ የተላከ ነው። በጀት የለም። ተማሪ ይዞ ለመውጣት መኪና ለማግኘት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። የደረጃ ዕድገቱ በዋናነት የሚታየው ባሳተመው ጥናት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ስላይዱ ይመለሳል። እኛም በአሥረኛው ወር ሌላ ሥልጠና እናዘጋጅለታለን።

የሚደበቀው ዕውቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መምህራኖቻችን ገበያ አያውቁም ስል ሙሉ በሙሉ እውነት አልተናገርኩም። የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ብዙዎች በጎን ይሠራሉ። አንድ የማውቀው የሲቪል ምህንድስና መምህር ማታ ማታ ፕላን ይሠራል። አንዴ ደንበኛ ዲዛይኑን ወስዶ ክፍያውን ካደ። ከዚያ በኋላ ያለ ቅድሚያ ክፍያና ያለ ውል እርሳስ አያነሳም። ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ የማይከፍል ደንበኛ ከመነሻው እንዴት እንደሚታወቅ፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር እንዴት እንደሚሠራ ሁሉንም ያውቃል።

«ይህን ለተማሪዎችህ ትነግራቸዋለህ?» አልኩት።

ሳቀ። «በጎን እንደምሠራ በራሴ አፍ ልመስክር እንዴ?»

ይህ መልስ ለብዙ ቀን አልወጣልኝም። ክፍል ውስጥ የማያውቀውን የሥራ ፈጠራ ንድፈ ሐሳብ ያነባል፤ የሚያውቀውን የሥራ ፈጠራ ኑሮ ግን ይደብቃል። የምንፈልገው ዕውቀት በከፊል ግቢው ውስጥ አለ። ያስወነጀልነው እኛ ነን።

ስለዚህ እኔ የምለው ቀላል ነው። ለተማሪው የሰጠነውን ለመምህሩም እንስጠው። በየጥቂት ዓመቱ አንድ ሴሚስተር ወጥቶ ፋብሪካ፣ ወርክሾፕ፣ ጋራዥ ወይም ጀማሪ ድርጅት ውስጥ ይሥራ፤ ለጉብኝት ሳይሆን ለሥራ። ሲመለስ ያመጣው ነገር፣ የፈታው ችግር፣ ከተማሪ ጋር የሠራው ምርት ለደረጃ ዕድገት እንደ ጥናት ይቆጠርለት። በጎን የሚሠራውም ሥራውን አስመዝግቦ፣ ክፍሉን ሳይበድል፣ በግልጽ ይሥራና ተማሪዎቹን ይዞ ይግባበት። ኢንተርፕረነርሺፕም ብቻውን ከሚቆም ኮርስ ይልቅ ማሽን ዲዛይን፣ ወረዳ ውኃ፣ መብራት በሚማሩበት ኮርስ ውስጥ ይግባ። ይህን ማን ይፈልጋል፣ በስንት ይገዛል የሚለው ጥያቄ ከጥንካሬ ስሌቱ ጎን ይቀመጥ።

«መምህሩ ሲወጣ ክፍሉን ማን ይይዛል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ወጪም አለው። «መምህር ነጋዴ ይሁን ወይ?» የሚልም አለ። አይደለም። ሐኪም የሚያስተምር ሰው በሽተኛ ማየት አለበት ስንል ሆስፒታል ይክፈት ማለታችን አይደለም። የምህንድስና መምህር ግን በሽተኛ ሳያይ ሐኪም እንዲያፈራ እየጠየቅነው ነው። በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚመረቁ ልጆች «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» ተብለው ይሸኛሉ። ይህን የሚሏቸው ሰዎች ሥራ ፈጥረው እንዳያውቁ ልጆቹ ያውቃሉ። ቃሉ የሚቀለው ለዚህ ነው።

ጋፋትን ማሞገስ አልፈልግም። እዚያ የነበረው ነገር በንጉሥ ቁጣ የሚንቀሳቀስ ነበር፣ ሰዎቹም በነፃነት አልሠሩም። ዋናው ድክመቱ ደግሞ ንጉሡ ሲወድቁ አብሮ መውደቁ ነው፤ ዕውቀቱን የሚይዝ ተቋም አልቀረም። ዛሬ የእኛ ችግር ተቃራኒው ነው። ተቋሙ ሞልቷል፤ ከ40 በላይ ግቢ፣ ግንብ፣ ቤተ ሙከራ፣ ማዕከል አለ። የጎደለን ምድጃው ፊት ቆሞ፣ ተማሪው እያየው፣ «አላውቅም፣ እስኪ እንሞክረው» የሚል መምህር ነው። እሱን በስድስት ቀን ሥልጠና አናገኘውም። ጊዜ፣ ፈቃድና ክብር ከሰጠነው ግን ከመካከላችን አለ።